ከመስመሩ ወዲህ

እሑድ ማታ

ወጣ። በቃ፣ ወጣ። እኔ «ውጣ!» አልኩት፣ እሱም ከሜዳ ወጣ።

ሳስበው አሁንም ጆሮዬ ይግላል። ከቦንጋው ቡድን ጋር አንድ ለአንድ ነን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው። ተከላካዮቼ ተሰብስበው ራሳቸው ጎል ሥር ተወሽቀዋል። ወደ ፊት ገፍተው መስመራቸውን ከፍ ቢያደርጉ የቦንጋ አጥቂዎች ከጨዋታ ውጪ ሆነው ይቀራሉ። ይህን ሁሉ ለማስረዳት ጊዜ የለም፤ «ታምሩ፣ ውጣ! ውጣ!» ነው የሚባለው። ተጫዋች በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ ስለው የኖርኩት ነው። የመሐል ተከላካዬ ታምሩ ዞር ብሎ አየኝ። አንገቱን ደፋ። ከዚያ ማልያውን ከቁምጣው እየነቀለ፣ በእርጋታ መጥቶ ተጠባባቂዎቹ አጠገብ ተቀመጠ። የቀየርኩት መስሎት።

ኳሱ እሱ ቆሞበት በነበረው ቦታ አለፈ። ጎል። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን።

የሚዛን ሰው መቼም ሳቅ አያልቅበትም። ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ሳቀ። ታምሩ ልብሱን ቀይሮ ማንንም ሳይሰናበት ሄደ። እኔም ሳልከተለው ቀረሁ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ዘነበች ገና በሩ ላይ፣ «ተጫዋችህን አባረርከው አሉ?» አለችኝ። ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል።

ሰኞ

ኮሚቴው ጠራኝ። ሊቀ መንበራችን አቶ ወርቁ ልጅ ሆኜ ሒሳብ ያስተማሩኝ ናቸው፤ ዛሬም ፊታቸው ስቆም እጄን ኪሴ ውስጥ ማስገባት እፈራለሁ።

«ስማ ደረጀ» አሉኝ፣ «አንተ የተፈጠርከው ለመጫወት ነው። አሰልጣኝነቱ አልሆነልህም። ቅዳሜ ቴፒ ላይ ከተሸነፍን ከጅማ አሰልጣኝ እናመጣለን። አንተ ታኬታህን አጥልቀህ ወደ ቦታህ ትመለሳለህ። ሕዝቡም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።»

ቅጣት መሆኑ ነው። እኔ ግን ስሰማው ልቤ ደስ አለው። ይህን ለማንም አልናገርም፣ እዚህ ብቻ ይቀመጥ። የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው። ሰው ሥራውን ሊቀማ ሲል ይደሰታል?

የሚናፍቀኝ፦ ጎል ሳገባ ጀርባዬ ላይ የሚከመረው ሕዝብ። ጭቃው። ደክሞ መተኛት (አሰልጣኝ የሚተኛ እንዳይመስላችሁ)። ስሜ ሲጠራ መስማት።

የማይናፍቀኝ፦ የግራ ጉልበቴ በማግስቱ።

ለዘነበች ነገርኳት። «ጉልበትህን አማክረኸዋል?» ብላ ወደ ልብስ ስፌቷ ዞረች። ነገሩን ሳሰላስለው እሷ ልክ ናት። ጉልበቴ ቢበዛ አንድ ዓመት ቢያጫውተኝ ነው። አሰልጣኝነቱን ደግሞ አንዴ አልሆነለትም ተብዬ ከተነሳሁ ሁለተኛ የሚሰጠኝ ሰው የለም። ስለዚህ ቅዳሜ የምንጫወተው ለእኔ ለቀሪው ዕድሜዬ ነው። ይህን እያወቅሁ እንኳ ያ ደስታ አልሄደልኝም።

ማክሰኞ

ልምምድ። ታምሩ አልመጣም፣ ስልኩም ዝግ ነው። አማን ሰፈር ከእህቱ ጋር ወደ ተከራየው ቤት ሰው ልኬ ነበር። ሸኮ፣ ወላጆቹ ጋ፣ ቡና ለቀማ ሄዷል አሉ።

ተጫዋቾቹ ጋ ስቀርብ ወሬ ይቋረጣል። አምና አብሬያቸው ሻወር ስጠብቅ የነበርኩት ሰውዬ ነኝ። አምና «ደሬ» ነበርኩ፣ ዘንድሮ «ኮች» ሆኛለሁ።

አምበላችን ከድር ብቻ ነው እንደ ድሮው የሚያናግረኝ። አማን ውስጥ ጫማ ቤት አለው፤ ከእኔ ጋር ስንት ዓመት ተጫውቷል። ከልምምድ በፊት ጎተት አድርጎኝ፣ «ልጁ አልተሳሳተም እኮ» አለኝ።

«እንዴት አልተሳሳተም?»

«ግባና እንየው።»

ገባሁ። ከተከላካዮቹ ጋር ቆሜ፣ እጄን አንስቼ፣ «ውጣ!» ብዬ ወደ ፊት ሮጥኩ። ሁሉም ተከተለኝ። «አሁን ደግሞ ከመስመሩ ወዲህ ቁምና በለው» አለኝ። ወጥቼ ከዳር ጮኽኩ። ነባሮቹ ወደ ፊት ሄዱ። ዘንድሮ የመጡት ሁለቱ ግን ቆመው ወደ ተጠባባቂዎቹ ወንበር አዩ። አንዱማ «እኔን ነው?» ብሎ ደረቱን ነካ።

ቃሉ አንድ ነው። ሜዳ ውስጥ ሆኜ ስለው «ተከተሉኝ» ነው፤ ከዳር ቆሜ፣ ቱታ ለብሼ ስለው «ሂድልኝ» ሆኗል። ታምሩ ደግሞ ስጫወት አይቶኝ አያውቅም፤ የሚያውቀኝ በቱታ ብቻ ነው።

ይህን ማወቄ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልሆነም። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብድግ ስል ዋልኩ።

ረቡዕ

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለች ዘነበች፣ «ሰው መላኩን ተውና ራስህ ሂድ።» በጠዋቱ መኪና ሸኮ ሄድኩ።

መንገዱ ሁሉ ጉም ነው። የታምሩ ቤተሰቦች ቤት ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ከቡናው ሥር ነው። እናቱ አማርኛ እምብዛም ናቸው፤ በእጃቸው «ተቀመጥ» ብለው ጨሞ አቀረቡልኝ። ከቡና ቅጠል የሚፈላው ነው፤ በሚጥሚጣ አፌ ተቃጠለ፣ እሳቸው ፈገግ አሉ። አባቱ ዛፎቹ መሐል ሆነው ሰላምታ ሰጡኝና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ታምሩ ቅርጫቱን ሳያወርድ መጣ። ጨዋ ነው፣ ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ። ፊቱ ግን ዝግ ነው።

«ተናድደህ ነው የሄድከው?» አልኩት።

«አልተናደድኩም። ታዘዝኩ።»

«ወደ ፊት ውጣ ማለቴ ነበር እኮ።»

«አሁን አውቄያለሁ፣ ትናንት ማታ ስልኬን ስከፍት ከድር ደውሎ ነግሮኛል። እኔ ግን ኮች፣ በአማርኛ ውጣ ያለኝ ሰው ሁሉ ከሆነ ቦታ ሲያስወጣኝ ነው። መምህሩ ከክፍል። ረዳቱ ከመኪና። አንተ ደግሞ ከሜዳ።»

እሺ፣ ታዲያ ከገባህ ለምን አልተመለስክም አልኩት።

ቅርጫቱን አወረደ። «ሰው ሳቀብኝ። አንተም ሳቅህ።»

እሑድ ማታ የጻፍኩትን አሁን መለስ ብዬ አነበብኩት። «ሜዳው ሳቀ» ብያለሁ። እውነቱን ልጻፍ፤ እኔም ስቄያለሁ። ማልያውን እየነቀለ ሲመጣ መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ተናድጄ የሳቅኩት ሳቅ ነው፣ ለሱ ግን ምን ለውጥ አለው?

እናትና አባቱ ባሉበት ይቅርታ ጠየቅኩት። እናቱ ምን እንዳልኩ ጠየቁት፤ በሸኮኛ አንድ አጭር ነገር ነገራቸው። ምን እንዳላቸው አላውቅም።

«ቅዳሜ ቴፒ ስንሄድ በዚህ ነው የምናልፈው» አልኩት።

«ቡናው ደርሷል፣ አባቴ ብቻውን ነው» አለኝ። እመጣለሁም አላለ፣ አልመጣምም አላለ።

ሐሙስ

ቃል ፍለጋ ዋልን። ሰው ቢሰማን ያበዱ ይለናል።

«ሂድ» — ወዴት? ብለው ጠየቁ።
«ግፋ» — ከድር ከለከለ። «ሰው ይገፉና ፍጹም ቅጣት ምት ይሰጥብናል» አለ።
«ከፍ» — ሁለቱ ኳሷን ወደ ሰማይ ለጓት።
«ተነሥ» — ማን ተኛ?

በመጨረሻ ከድር ነው ያመጣው፦ «እንውጣ።» ከፊቱ ሁለት ፊደል ብቻ ነው የጨመረው። ሞከርነው። ሁሉም ወጡ፣ አዲሶቹም ጭምር። ማንም ወደ ወንበሩ አላየም።

አንዱ ቀልደኛ አጥቂያችን፣ «ኮች፣ አንተ የት ነው የምትወጣው? እዚያው ቆመህ አይደል?» አለኝ። ተሳሳቅን። እኔን ግን ወጋ አደረገኝ። እውነቱን ነው።

ማታ ታኬታዬን ሳጥብ ዘነበች ደረሰችብኝ። አየት አድርጋ ወደ ልብስ ስፌቷ ተመለሰች። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር። ለቅዳሜ የሚላከው የተጫዋቾች ስም ዝርዝር ላይ የራሴንም ስም ከመጨረሻ አስገብቻለሁ። ለማንኛውም ብዬ ነው። «ለማንኛውም» የሚሉት ቃል ስንት ነገር ይሸፍናል!

ዓርብ

ዝናብ። ሜዳው ባሕር ሆኗል፣ ልምምድ የለም። ጉልበቴም ዝናቡን አውቆ አብጧል።

አቶ ወርቁ ደወሉ። «ነገ ራስህን አስገባ፣ አትኩራ» አሉኝ። እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም። ከታምሩ ነው የተማርኩት መሰለኝ።

ቅዳሜ

ቴፒ ደርሰን ተመልሰናል። ልብሴን ሳልቀይር ነው የምጽፈው።

ሸኮ ስንደርስ መንገድ ዳር ማንም የለም። ሹፌሩን አቁም አልኩት። አቶ ወርቁ ሰዓታቸውን ያያሉ። «ለአንድ ሰው ብለን ፎርፌ እንስጥ?» አሉ። እኔ ወርጄ አስፋልቱ ላይ ቆምኩ፤ እኔ ካልተሳፈርኩ መቼም አይሄዱም። ሹፌሩ ጥሩንባውን መንፋት ሲሰለቸው አንድ ሞተር ሳይክል ከቡናው መሐል ብቅ አለ። ከኋላ ታምሩ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ። «አባቴ ሂድ አለኝ» አለና ገብቶ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። አዲሱን ቃል እስከ ቴፒ ከድር አስጠናው።

ቴፒ ሙቀቱ አይጣል ነው። ከእረፍት በፊት አገቡብን። ከእረፍት በኋላ ከሚዛን የመጣው ደጋፊያችን ጀመረ፦ «ደሬ ግባ! ደሬ ግባ!» አቶ ወርቁ ከኋላዬ፣ «ትሰማለህ?» ይሉኛል። ሰማሁ እንጂ! ቱታዬን አወለቅኩ። ታኬታዬን አሠርኩ። ዳር ዳሩን ማሟሟቅ ስጀምር ጭብጨባው ቀለጠ። ግባ ማለት እንዴት የሚጣፍጥ ቃል ነው።

እየሮጥኩ ሳለ ግን ሜዳውን ከጎን አየሁት። የቴፒ ቀኝ ተከላካይ እግሩን ይጎትታል። ደክሞታል፣ በሱ በኩል ያለው ቦታ ባዶ ነው። ውስጥ ብሆን ኖሮ ይህን አላየውም ነበር። በተጫወትኩበት ዘመን ሁሉ ኳሱንና ጎሉን እንጂ ሌላ ምንም አይቼ አላውቅም። ሜዳ ውስጥ ያሉትን አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ማናቸውም አላዩትም። እኔ ከገባሁ የሚያይላቸው የለም።

ቆምኩ። በእኔ ቦታ ተጠባባቂውን ሳሙኤልን አስገባሁ፤ ፈጣን ነው፣ በግራ በኩል ነው የሚጫወተው። «በዚያ ሰውዬ በኩል ብቻ ሩጥ» አልኩት። ደጋፊው ጮኸብኝ። የእናቴ ስም ሳይቀር ተጠራ። አቶ ወርቁ ተነሥተው ሌላ ቦታ ተቀመጡ።

ቴፒዎች ሁለተኛ ሊጨምሩብን መጡ። «እንውጣ!» አልኩ፣ ድምፄ በጩኸቱ ተዋጠ። ታምሩ ግን ከእኔ በላይ ጮኾ ደገመው፣ እጁን አንሥቶ ሮጠ፣ መስመሩ ሁሉ አብሮት ተነሣ። ኳሷ መረብ ውስጥ ገብታ ነበር፤ ዳኛው ከጨዋታ ውጪ ነው ብሎ ሻረው። ወዲያው ሳሙኤል በዚያ ባዶ ቦታ ሾልኮ አሻገረ፣ ቀልደኛው አጥቂያችን በደረቱ ይሁን በሆዱ አስገባት። አንድ ለአንድ። እኔ ለካ በደስታ ሮጬ ሜዳ ውስጥ ገብቻለሁ፤ ቢጫ ካርድ አየሁ።

በዚሁ አለቀ። አቶ ወርቁ «ከተሸነፍን» ነበር ያሉት፤ አቻ ብንወጣስ ምን እንደሚሆን ማንም አላሰበም። ስንመለስ አላናገሩኝም።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሦስት ሰው አስቆመኝ። ሦስቱም «ለምን አልገባህም?» ነው የሚሉት። ስለ ጎሉ የጠየቀኝ የለም። ከድር ደውሎ፣ ኮሚቴው ከጅማ የሚመጣውን ሰውዬ አናግሮ ጨርሷል ይባላል አለኝ።

ሰኞ

ይህን የምጽፈው ከኮሚቴው ቢሮ ደጅ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነው።

ገብቼ ነበር። አቶ ወርቁ በቀጥታ ጠየቁኝ፦ «ቁረጥ፤ ተጫዋች ነህ ወይስ አሰልጣኝ?» መንገድ ላይ ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «ስሜን ከተጫዋቾቹ አውጡልኝ» አልኩ።

«ልብ አድርግ» አሉኝ፣ ድሮ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደሚሉኝ፣ «የጅማውን ሰው የመረጥን እንደሆነ ሁለቱንም አጣህ።»

«አውቃለሁ የኔታ» አልኩ። «ጋሽ ወርቁ» ልል ነበር፣ እንዲህ ሆኖ ወጣ። ፈገግ ያሉ መሰለኝ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። እንመክርበታለን፣ ደጅ ቆይ አሉኝ።

በሩ እንደ ተዘጋ ነው። አንዴ ድምፅ ከፍ ይላል፣ አንዴ ይጠፋል። ፈርቻለሁ። ያንን ያለፈውን ሰኞ ደስታ ግን ፈልጌ አጣሁት፤ እስቲ ዛሬም አለ ወይ ብዬ ውስጤን ጎረጎርኩ፣ የለም።

አሁን ስልኬ ጮኸ። ታምሩ ነው፣ ከሸኮ።

«ኮች፣ መኪናው ሳይሞላ ልሳፈር ብዬ ነው። ዛሬ ልምምድ አለ?»

በሩን አየሁት።

«አለ» አልኩት፣ «አሥር ሰዓት። እንዳታረፍድ።»