ወይዘሮ እናትአለም ተክለማርያም እና የሊቶሪናዋ ግንባር (1950–2017 ዓ.ም.)

ወይዘሮ እናትአለም ተክለማርያም ከአባታቸው ከአቶ ተክለማርያም ሀብተወልድ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺእመቤት ድንቁ ሚያዝያ 3 ቀን 1950 ዓ.ም. በአዲጋላ ባቡር ጣቢያ፣ በሠራተኞች መኖሪያ ተወለዱ። አባታቸው የባቡር መካኒክ ነበሩ። ሊቶሪና የምትባለው የመንገደኛ ባቡር ጣቢያው በደረሰች ቁጥር የግንባሯን ኒኬል በጨርቅ የሚወለውሉት እርሳቸው ነበሩ። ወይዘሮ እናትአለም በልጅነታቸው ቤት ውስጥ መስታወት ስላልነበረ ፊታቸውን መጀመሪያ ያዩት በዚያ ኒኬል ላይ እንደሆነ ይናገሩ ነበር።

ትምህርታቸውን በድሬዳዋ ተከታትለው በአየር ጠባይ ተመልካችነት ከሠለጠኑ በኋላ በ1973 ዓ.ም. ጅጅጋ ተመደቡ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሙቀትን፣ እርጥበትንና ነፋስን ሲለኩ ኖሩ። በ1976 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ተመድበው የመጡትን መምህር አቶ ካሳሁን ይልማን አግብተው የኋላሸትንና ሄርሜላን አፍርተዋል። በግምት መናገር አይወዱም ነበር። ጎረቤት «እትዬ እናትአለም፣ ዛሬ ይዘንባል?» ብሎ ሲጠይቃቸው መሣሪያቸውን ሳያዩ መልስ አይሰጡም።

በ2010 ዓ.ም. ጡረታ በወጡበት ዓመት የተወለዱበትን ጣቢያ ሊጎበኙ ወደ አዲጋላ ሄዱ። ሊቶሪናዋን ዝጋ፣ ግንባሯም ደብዝዞ ቆማ አገኟት። በተመለሱ በሳምንቱ ቆርቆሮና ጣውላ ገዝተው ክንድ የምታህል ሊቶሪና መሥራት ጀመሩ። ሐሳባቸው አንድ ነበር፤ ባቡሯን በደህና ዘመኗ ከሚያውቋት ሰዎች በሕይወት ለቀሩት፣ ለአባታቸው የሥራ ባልደረባ ለአቶ ኸሊፍ፣ እንደነበረች አድርገው ማሳየት። በሶማሊኛ «አዴር» እያሉ እንደ አጎት የሚጠሯቸው አቶ ኸሊፍ ዕድሜያቸው ገፍቶ ጅጅጋ ከልጃቸው ከኒምኮ ጋር ይኖሩ ነበር።

የባቡሯ አካል ቶሎ አለቀ። ዓመታት የፈጀው ከመዳፍ የማይበልጠው ግንባሯ ነው። መጀመሪያ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የብር ቀለም ገዝተው በብሩሽ ቀቡትና ለአቶ ኸሊፍ ወሰዱላቸው። ሽማግሌው አገላብጠው አዩት። «እናቴ፣ ይሄ አመድ ነው። አባትሽ ቢያየው ጨርቁን ጥሎ ይሄድ ነበር» አሏቸው። ወይዘሮ እናትአለም አልተቀየሙም፤ እውነቱን የሚነግራቸው ሰው ነበር የፈለጉት።

ከዚያ በኋላ እንደ ሙያቸው እየተመለከቱ፣ አንዱን ምክንያት ከሌላው እየለዩ ሄዱ። እንደ ኒኬል እንዲያብረቀርቅ የሚረጨው የክሮም ቀለም በራሱ እንደማያበራ፣ የሚያበራው ከሥሩ ያለው ጥቁር እንደሆነ ደረሱበት። ጥቁሩ እንደ ረጋ ውሃ ካልለሰለሰ ክሮሙ ጭረቱን ሁሉ አጉልቶ ያሳያል። ስለዚህ ጥቁሩን እየቀቡ፣ በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሱ፣ ደግሞ እየቀቡ ሰነበቱ። ብሩሹን ትተው በአየር ግፊት በምትሠራ ትንሽ የቀለም መርጫ ይረጩ ስለነበር፣ ለመርጫዋ የሚሆን አየር የሚያገኙት ከጎሚስታው ከይሁን ኮምፕሬሰር ነበር። ይሁን «እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ የትኛው ጎማ ተንፍሶ ነው?» እያለ ቢቀልድባቸውም ቱቦው ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ሳያፈስ አይሰጣቸውም ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ግንባሩ አበራ። ቤተሰቡም እልል አለ። እርሳቸው ግን የጅጅጋን አቧራ ፈርተው ከላዩ ቫርኒሽ ደረቡበት። ዓይናችን እያየ መስታወቱ ደፈረሰና እንደገና አመድ ሆነ። ለካ ክሮም ልብስ አይወድም! አቶ ካሳሁን ሊያጽናኗቸው «ከሩቅ ሲያዩት እኮ ያምራል» ቢሏቸው «እኔስ ከሩቅ አላየሁትም» ብለው ጥቁሩን ከሥሩ ጀመሩ።

በ2015 ዓ.ም. የልብ ሕመም ያዛቸው። ጣቶቻቸው በመድኃኒቱ ምክንያት መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ ሥራው እጃቸው ላይ እንዳይቀር ሰጉ። ልጃቸው ሄርሜላ ልትረጭላቸው ብትጠይቅም «እጄ እስኪከዳኝ ጠብቂ» አሏት። አንድ ችግር ደግሞ አልፈታ ብሏቸው ነበር። በደረቁ ወራት አቧራው ቀለሙ ላይ ያርፋል፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ አቧራው ቢረጋም እርጥበቱ ክሮሙን ያጠወልገዋል። መሬቱ ገና ርጥብ ሆኖ አየሩ የሚደርቅበት፣ የቀትሩም ነፋስ ያልተነሳበት አጭር ሰዓት እንዳለ ያወቁት ሠላሳ ሰባት ዓመት የዚችን ከተማ ሰማይ ስላዩ ነው። ያንን ሰዓት ሲጠብቁ ሁለት የዝናብ ወቅቶች አለፉ።

ሰዓቱ የመጣው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በአንድ ረፋድ ነበር። አቧራ እንዳይነሳ ወለሉን በውሃ አርጥበው፣ ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው፣ «ካሳሁን፣ ወይ ውጣ ወይ አትንቀሳቀስ» ብለው ጀመሩ። አቶ ካሳሁን በር ላይ ቀሩ። መጀመሪያ የረጩት እንደ ትንፋሽ ስስ ስለነበር ምንም የተለወጠ አይመስልም ነበር። ጥቂት ቆይተው ደገሙት። ሦስተኛው ሲያርፍ ጥቁሩ ከዓይን ጠፋ። በቦታው መስኮቱ፣ የመስኮቱ ብረት፣ ከመስኮቱ ውጭ ያለው ሰማይ ቁልጭ ብሎ ታየ። ከዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ሌላ ቤት የተከፈተ ይመስል ነበር። ወይዘሮ እናትአለም መርጫዋን አስቀምጠው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ፤ በጣት ቢነካ እንደሚበላሽ ያውቃሉና።

ቀለሙ ሲደርቅ አቶ ኸሊፍ ተጠርተው መጡ። ወንበር ተሰጥቷቸው ባቡሯ ፊት ተቀመጡ። ሁሉም የሚሉትን ሲጠብቅ ሽማግሌው ወደ ግንባሩ ጎንበስ ብለው ቆዩ፤ ከዚያም ሳያስቡት የተጣመመ ኮፍያቸውን አቃኑ። ወይዘሮ እናትአለም ይህን አይተው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መርጫዋን አላነሱም። በሐረርና በጅጅጋ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተገኙበት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን አቶ ካሳሁንን፣ ልጆቻቸውን የኋላሸትንና ሄርሜላን፣ የልጅ ልጃቸውን ሶልያናን ትተው አልፈዋል። አባታቸው በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ በሚቀመጡበት ቦታ፣ ከቤተሰቡ ተርታ መጀመሪያ፣ አቶ ኸሊፍ ተቀምጠው ለቀስተኛውን እየተቀበሉ ነው።

የነፋስን መንገድ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ጸጥ ባለ ስፍራ ያኑርልን፤ ለእኛም የእርሳቸውን ትዕግሥት ያድለን። አሜን።