ክሎሮኪንን ከደጅ የሚመልሰው ዘበኛ

ሰኞ፣ ኅዳር 5
ለሚመለከተው ሁሉ፦ የግራ እግር ካልሲዬ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ የደረሰበት አልታወቀም። ቤቱ በጥልቅ ሐዘን ላይ ነው።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ላለመጻፍ ነው። ባለቤቴ ፀሐይ ትኩሳቱ አገረሸባት። አራስ እህቷን ልትጠይቅ ጎጀብ ቆላ ወርዳ ያመጣችው ወባ ነው። የታዘዘላትን የወባ መድኃኒት፣ ክሎሮኪኑን፣ በሥርዓቱ ውጣ ጨርሳ ነበር። ሁለት ቀን ድና፣ ጎመን ከትፋ፣ እኔን ሰድባ፣ ተመልሳ ተኛች። ስትንቀጠቀጥ አልጋው አብሮ ይንቋቋል።

ማክሰኞ፣ 6
ጎረቤት ሊጠይቅ መጣ። ሌላው ለታማሚ ብርቱካን ይዞ ይሄዳል። የኛ ሰፈር ክሎሮኪን ይዞ ይመጣል፤ ባለፈው ሻል ሲለው ያቋረጠውን፣ በወረቀት የጠቀለለውን። አጥር የሚያዋስነን ጡረተኛ ጋሽ ወልዴ፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳት ናት ብለው ሦስት ፍሬ ሰጡኝ። በክብር ተቀበልኩ። ፀሐይ ዋጠች። አስመለሳት። ትኩሳቱ ንቅንቅ አላለም።

ረቡዕ፣ 7
ከጋሽ ወልዴና ከጎረቤቶች ጋር በቃሬዛ ተሸክመን ሆስፒታል ወሰድናት። ባዮሎጂ አስተማሪ መሆኔን ሲሰማ ዶክተሩ በወረቀት ላይ ሣለልኝ። የወባው ተሐዋሲ ደማችንን የሚፈጭበት ከረጢት አለው። መድኃኒቱ የሚገድለው እዚያ ሲጠራቀም ነው። ነገር ግን በከረጢቱ ስስ ሽፋን ላይ አንድ ፕሮቲን ተሰክቷል፤ ቅርጹ የተለወጠ እንደሆነ፣ የገባውን መድኃኒት እየተቀበለ ወደ ውጭ ይሸኛል። በእኔ ቋንቋ፦ ክሎሮኪን ግምገማ ተቀምጦበት ተባሯል፤ በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል።

እጥፍ ብንሰጣትስ አልኩ።

«እሷን ነው የሚመርዙት» አለኝ።

እንዲህ ያለው ዘበኛ ከየት መጣ ብዬ ጠየቅኩት። መድኃኒት ተጀምሮ ሲቋረጥ ደካማው ተሐዋሲ ይሞታል፣ ዘበኛ ያለው ተርፎ ይራባል አለ። ጋሽ ወልዴ ቆባቸውን አውልቀው ያገላብጡት ጀመር።

«ታዲያ ቀጣሪዎቹ እኛ ነና» አሉ ቀስ ብለው።

ሐሙስ፣ 8
ኩዊኒን በጉሉኮስ ተደርጎላታል። ይህኛውን ዘበኛው አይችለው ይሆናል አለ ዶክተሩ። «ይሆናል» የምትለዋን ቃል ጠላኋት። ፀሐይ አላወቀችኝም፤ በሟች አባቷ ስም ጠራችኝ። እኔም አቤት አልኳት። ምን ልበል? ሰፈሩ በሙሉ ሊጠይቅ መጣ፤ አንድም ሰው ወረቀት አልያዘም። ማሾፍ አቃተኝ። ፀሐይ ትሞታለች።

ቅዳሜ፣ 10
ትናንት አልጻፍኩም፤ እጇን ይዤ ነበር።

ዛሬ ረፋዱ ላይ አላባት። አንሶላው ተጨመቀ። ዓይኗን ገልጣ በአልጋው ዙሪያ የቆመውን ሰው አየችና «ምንድነው ይሄ? ቀበራችሁኝ እንዴ?» አለች። መድኃኒቱ ጆሮዋን ስላስጮኸው መልሳችንን አልሰማችም። ጋሽ ወልዴ ጮኸው ሲያስረዷት፣ አትጩሁብኝ ብላ ተቆጣቻቸው። ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ።

እርማት፦ በሐሙሱ ማስታወሻ «ፀሐይ ትሞታለች» ተብሎ የሰፈረው ያለ በቂ ማስረጃ የተሰጠ መግለጫ ሆኖ ስለተገኘ ተሰርዟል። ስረዛው የሚጸናው የፊታችን ሰኞ የሚደረገው የደም ምርመራ ከወባ ነጻ ከሆነ ነው።