በአባባ ስም የምቀርጸው ቀንድ

ውድ ወንድሜ ላሴ፣

ይህን የምጽፍልህ የሥራ ጎጆው ውስጥ ሆኜ ነው። የአጋዘን ቀንድ እየቀቀልኩ ስለሆነ እስኪለሰልስ ድረስ ማንም አይጠራኝም። መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፍኗል፤ ሐይቁም ቤቱም አይታየኝም። በስልክ ልነግርህ ስንት ጊዜ ጀምሬ «ደህና ነን» ብቻ ብዬ ተውኩት። ስትደውል አባባ ሁልጊዜ አጠገቤ ናቸው።

አምና በበረዶ ላይ የሚነዱት ሞተር ሐይቁ ውስጥ ሰምጦ የአባባ እጅ በብርድ ሲመታ፣ «ድኗል» ብለንህ ነበር። አልዳነም። ጣቶቻቸው ይታጠፋሉ እንጂ ምንም አይሰማቸውም። ቢላዋ ሲይዙ ሳያውቁት ይወድቃል። ከዚያ ወዲህ የሚሸጧቸውን ቢላዎች የቀንድ እጀታም አፎትም የምሠራው እኔ ነኝ። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው «እዚያ ጋ ቀስ በይ፣ የቀንዱ መቅኔ ሊወጣብሽ ነው» ይላሉ። ስጨርስ የእሳቸውን የስም ምልክት እቀርጽበታለሁ። የዛፍ ቅርፊት አኝኬ በቅርፊቱ የቀላውን ምራቄን ጭረቱ ላይ ሳሸው ስማቸው ፍንትው ብሎ ይወጣል። እማማ ታውቃለች። ግን ቤታችን ውስጥ ይህ ነገር አይነሳም።

ሥራውን ብጠላው ኖሮ ይቀለኝ ነበር። የትልቁ የጫካ አጋዘን ቀንድ እንደ መዳፍ ሰፊ ነው፤ ከባድ ስለሆነ መጋዙን ይታገላል። የምናረባው አጋዘን ኮርማ ቀንዱ ወፍራም ነው፣ ለአፎት ይሆናል፤ ሴቶቹን ሲያሳድድ ከርሞ በረዶው ሳይጠነክር ይጥለዋል። እንስቷ ግን ቀጭን ቀንዷን ብርዱን ሙሉ ተሸክማ ትከርምና ጥጃዋን ስትወልድ ትጥለዋለች። እኔ የእሷን እወዳለሁ። ሳለሰልሰው እጄ ላይ ይሞቃል።

የእጅ ሥራ ትምህርት ቤቱ አዲስ ተማሪ እየመዘገበ ነው፤ መግባት እፈልጋለሁ። ለመግባት የራስን ምልክት የያዘ ሥራ ማሳየት ያስፈልጋል። መደርደሪያው በሠራኋቸው ዕቃዎች ሞልቷል፤ የእኔ ምልክት ያለበት ግን አንድም የለም። ምዝገባው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ይዘጋል።

ዮክሞክ ከተማ ገበያ ላይ ዕቃችንን ስንሸጥ የሆነውን ልንገርህ። አባባ ከፊት ተቀምጠዋል፣ እኔ እንደ ልማዴ ከኋላቸው ቆሜአለሁ። እኚያ ሁልጊዜ የሚያበሽቁህ ጎረቤታችን፣ ሽማግሌው ሚህካል፣ የደረቀ ሥጋ እያኘኩ መጡ።

«አንተ ቀንድ አዋቂ!» አሏቸው፣ ቁራጭ ቀንድ እያቀበሉ፣ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብለው። «ዓይንህን ጨፍንና ይህቺን ንገረኝ።»

አባባ ድሮ በአውራ ጣታቸው ቀንድ ዳስሰው የምን ዓይነት አጋዘን እንደሆነ ይናገሩ እንደነበር ታስታውሳለህ። አሁንም ዓይናቸውን ጨፈኑ። አውራ ጣታቸው ቀንዱ ላይ ወዲያ ወዲህ ሄደ። ጣቱ ምንም እንደማይሰማው ከቆሙት መሃል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ወጣት ኮርማ» አሉ።

ሚህካል ሳቃቸውን ለቀቁት። የቆሙትም ሳቁ። የአባባ ጆሮ ሲቀላ ከኋላ አየሁት። ጎንበስ ብዬ «እንስት ናት፣ አባባ» አልኳቸው።

«እንስት ናት እንጂ!» አሉ አባባ። «ጥርስህ መርገፉን ልይ ብዬ ነው ያሳቅሁህ።»

«ውሸታም! ልጅቷ ባትኖር ዛሬ አልቆልህ ነበር» አሉ ሚህካል። ወደ እኔም ዞረው «አንቺ ደግሞ ምላስ አለሽ እንዴ? እኔ እኮ ዲዳ ነሽ ብዬ ደምድሜ ነበር።» ከዚያ አንዱን አፎት አንስተው በብርሃን አገላበጡት። «እጅህ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከዓመት ዓመት እያማረ ነው።»

አባባ አፎቱን ተቀብለው ወደ ቦታው መለሱት። እኔም መሬት መሬት አየሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ስለ ትምህርት ቤቱ ልነግራቸው አሰብኩ። አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። «ሪስተን፣ እጄ ሄደ ብዬ ብዙ ሌሊት አልቅሻለሁ» አሉኝ። «አሁን ግን አንቺ ካለሽ እጅ አለኝ።»

ላሴ፣ አባባ እንዲህ ያለ ነገር ተናግረውኝ አያውቁም። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን በሩ ከውጭ ሲቆለፍብኝ የሰማሁ መሰለኝ። «እሺ አባባ» አልኩና በረዶውን ሳይ ቤት ደረስን።

ና አልልህም። ሥራህን ትተህ እዚህ ብትቀመጥ አንተም እንደኔ ትሆናለህ። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። እሁድ ስትደውል ደህንነታችንን ከጠየቅክ በኋላ «አባባ፣ አሁን የሚቀርጸው ማን ነው?» በላቸው። ሌላ ምንም አትጨምር። እሳቸው ቢናገሩ ደስ ይለኛል። ዝም ካሉ ስልኩን ከእጃቸው ወስጄ እኔ እመልስልሃለሁ፣ እሳቸው እየሰሙ። ስለ ትምህርት ቤቱም ያኔውኑ እናገራለሁ።

ድምፄ እምቢ ካለኝ ግን ስልኩን አትዝጋው። ጠብቀኝ።

እህትህ፣
ሪስተን