ሲስተሙን ሸለብ ያደረገው እንቅልፍ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4
ዝናብ። ትራሙ ዘገየ። የሆስፒታሉ የኮምፒውተር መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ ፖላንድኛ ይተርጎም ተብሏል። እስከ ሳምንት ተርጓሚና አራሚ ካላገኘሁ ሥራው ለሌላ የትርጉም ቢሮ ይሄዳል። ለአመልካቾቹ ሁሉ አንድ ገጽ ፈተና ላክኩ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6
መልሶቹ መጡ። አብዛኞቹ ትክክል ናቸው... ግን ደረቅ። ሁለት ሴቶች ብቻ ሰው የሚያወራው ዓይነት ጽፈዋል። ሃልሽካ ከቶሩን ከተማ፣ ዶብሮኽና ከሩቋ ዤሹፍ ከተማ።
አንድ ነገር ግን ገረመኝ። እንግሊዝኛው «ሲስተሙ ምላሽ አይሰጥም» ሲል፣ ሁለቱም «ሲስተሙን እንቅልፍ ሸለብ አደረገው» ብለዋል። ማን እንዲህ ይላል?
አለቃዬ ቦጉሚው አየና «ተኮራርጀዋል፤ ሁለቱንም ተያቸው» አለኝ።
«ታዲያ ሌላው ለምን አይመሳሰልም?»
«ያጎዳ፣ መርማሪ ተብለሽ ነው የተቀጠርሽው?»

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7
ሃልሽካ ጋ ደወልኩና ስለ «ሸለብ» ጠየቅኋት። ድምጿ በረድ ያለ ነው።
«ይቅርታ፣ አምልጦኝ ነው። አባቴ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበር። አንዱ ቀጥ ሲልበት ‹ዝም በሉ፣ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎታል› ይለን ነበር።»
‹ይለን›? እነማንን?
«እኔንና እህቴን። ከአባታችን ቀብር ወዲህ አልተነጋገርንም።»
አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት። የአንዷን ስም ለሌላዋ እንዴት እነግራለሁ? ደግሞስ ምን አገባኝ?

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10
ለቦጉሚው ነገርኩት። «ቅጠሪያቸው። ግን በድብቅ አይሆንም» አለ።
ልክ ነው። ለሁለቱም ጻፍኩ፦ ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ስምዎን ለባልደረባዎ ልንገር? እሺ አሉ። ነገርኳቸው።
ዶብሮኽና ወዲያው መለሰች፦ «አራሚዋ እሷ ከሆነች ትቦጫጭቀኛለች። ይሁን።»
ከሃልሽካ ምንም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11
በዓል። ቢሮ ዝግ። ስልኬን ስንቴ አየሁ?

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12
ሃልሽካ ደወለች። «ትተርጉም፣ አርማለሁ። ግን በእርስዎ በኩል እንጂ እኔ አላወራትም።»
መልእክተኛ ሆንኩ። «ነጠላ ሰረዝ የት እንደሚገባ አሁንም አታውቅም በሏት» ትላለች ሃልሽካ። «እንግሊዝኛውን መጀመሪያ ታንብብ በሏት» ትላለች ዶብሮኽና። ይኸው ነው ቀኑን ሙሉ...

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 25
ከዓርብ ጀምሮ አንድም መልእክት በእኔ በኩል አላለፈም። ተጣሉ? ሥራውን ተዉት? ፈራሁና ሃልሽካ ጋ ደወልኩ።
«አንዴ ይጠብቁኝ» አለችና ድምጿን ወደ ጎን አዞረች። «ዶብሮኽና፣ ሾርባው ሊገነፍል ነው።»
«እሳቱን አንቺ አጥፊው! እኔ ያበላሸሽውን ዓረፍተ ነገር እያስተካከልኩ ነው።»
ሃልሽካ ወደ ስልኩ ተመለሰች። «ይቅርታ፣ ምን ፈልገው ነበር?»
«ምንም» አልኳት።