የአባትሽ ሣጥን ጠረጴዛው ላይ የዋለበት ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ በዕድሜም በክብርም ለሚቀድሙት ለአማትሽ፣ ጉልበታቸው እንዴት ሰነበተ እያልኩ ከልብ የመነጨ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ቀጥሎ ለባለቤትሽ፣ አማች ለሚለው ስም ሳይሆን ልጅ ለሚለው ስም ለበቃው፣ የሌሊት ተራው ቀለል ብሎለት እንደሆነ እጠይቃለሁ። ከዚያ ለመንታዎቹ፤ ማን ቀድሞ እንደተወለደ ክርክሩ ገና ስላልተፈታ፣ የትኛውንም ሳላስቀድም ሁለቱንም በአንድ እስትንፋስ ስሜያቸዋለሁ። አንቺን ወደ ኋላ ያደረግሁሽ የቤት ባለቤት እንግዶቹን ሳያስቀምጥ ስለማይቀመጥ ነው። እንዴት ነሽ፣ የእኔ ልጅ? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ? እንቅልፍስ ታገኛለሽ? ይህን አንቀጽ ለአባትሽ ባነብለት «ቤተሰብሽንም በማዕረግ ተራ ነው የምትሰበስቢው» ብሎ ሳቀብኝ። መሳቁን ልብ በይልኝ፤ የደብዳቤዬ ጉዳይ እሱ ነውና።

ባለፈው በስልክ ስንገናኝ «እማዬ፣ የምክር ቤት መግለጫ አትስጪኝ፤ አባዬ በእውነት እንዴት ነው?» ብለሽኝ ነበር። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ስለነበር «ደህና ነው» ብዬ ዘጋሁት። ደህና አልነበረም። ባለፈው ክረምት የመታው በሽታ አንደበቱንና እግሩን ቢመልስለትም ቀኝ እጁን ግን እንደያዘበት ቀረ። ሐኪሟ «እጁ ሥራ ካገኘ ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ ካላገኘ ይረሳል» ብላ፣ እንዲጨብጣት አንዲት የጎማ ኳስ ሰጠችው። ኳሷ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠች። በሩ አጠገብ ያለችው የጥገና ክፍሉ ተቆለፈች። ደንበኛ ሲመጣ «የለም በዪ» ይለኛል፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ በር ላይ ቆሜ እዋሻለሁ። ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። አንድ ቀን ግን የውኃ ማፍያችን ተበላሸና አዲስ ገዝቼ ገባሁ። አሮጌ ዕቃ ሲጣል ካየ ዘመድ እንደተቀበረ የሚያዝን ሰው፣ አዲሱን አየው፣ አሮጌውን አየው፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። በሽታው ሲጥለው ያልደነገጥኩትን ያህል ያኔ ደነገጥኩ።

የሥራ ልማዱን አንቺ ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ። የዕቃው ባለቤት አጠገቡ ቆሞ ካልያዘለት አንድ ብሎን እንኳ አይፈታም ነበር። ትልቅ ሰው ሆነ ትንሽ፣ የቸኮለ ሆነ ያልቸኮለ፣ «ያዝልኝ» ይለዋል። ሰዎች «ከፍለን ሊያሠራን ነው» እያሉ ያጉረመርሙ ነበር፤ በኋላ ግን ስሙ ተረሳና «ጋሽ ያዝልኝ» ሆኖ ቀረ። ምክንያቱን ሲጠየቅ «ሆዱ ተከፍቶ ያየውን ዕቃ ሰው በቀላሉ አይወረውርም» ይል ነበር። አንቺም ልጅ ሆነሽ ባትሪ ትይዢለት ነበር፤ እንቅልፍሽ ሲመጣ ብርሃኑ ከሥራው ላይ ወርዶ ጫማው ላይ ያርፍና «ጫማዬ ጤነኛ ነው፣ ልጄ» ይልሽ እንደነበር ሳታስታውሺው አትቀሪም።

ወደ ነገሬ ልግባ። እኔ ሰብሳቢ የሆንኩበት የሰፈራችን ምክር ቤት ዘንድሮ ነዋሪው አካባቢውን ሳይጎዳ መኖር የሚችልበትን መንገድ የሚያሳይ ዐውደ ርእይ ለማዘጋጀት ወሰነ። ቦታው ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው የትምህርት ቤቱ ሜዳ ሆነ። ችግኝ የሚያድሉ መጡ፤ የወጥ ቤት ጥራጊ እንዴት አፈር እንደሚሆን የሚያሳዩ መጡ፤ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ የሚሰበስብ ባለ መድኃኒት ቤትም መጣ። እርግጥ ነው፣ «ፕላስቲክን እንቀንስ» የሚለው ትልቁ ጽሑፋችን በፕላስቲክ ሸራ ላይ ታትሞ ነበር የተሰቀለው። ብስክሌት ጠጋኙ ጎረቤታችን ቀና ብሎ አይቶት «እትዬ፣ ከራሱ ይጀምር ተብሎ ነው?» አለኝ። ለከርሞ በጨርቅ እንደምናጽፍ ቃል ገባሁለት፤ እሱም ሸራውን ለዝናብ መከለያ ከወዲሁ ጠየቀኝ።

ከሁሉ የተወደደው ግን «ስጥና ውሰድ» ያልነው ጠረጴዛ ነበር። ደንቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚሠራ ነገር ግን እሱ የማይጠቀምበትን አንድ ዕቃ ያመጣል፤ ቀድሞ ያነሳው ሰው ይወስደዋል፤ የሰጠ ሰው መልሶ አይወስድም። ይህችን የመጨረሻ አንቀጽ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ሰው ከሰጠ በኋላ ልቡ እየተመለሰ ጠብ እንዳይነሳ ብዬ ነው። በዚያ ላይ በስብሰባው ፊት «ከእኔ ቤት ይጀመራል» ብዬ ተናገርኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

በዕለቱ ጠዋት፣ ለመስጠት ያዘጋጀሁትን መጋረጃ አጣጥፌ ስወጣ አባትሽ በረንዳው ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ነገር አስቀምጦ ጠበቀኝ። «መጋረጃሽን ተዪው፤ ከእኛ ቤት ይህ ይሂድ። የማንጠቀምበት ዕቃ አይደል ያልሽው?» አለኝ። የድሮ መጻሕፍቱ መሰሉኝ። ሰዓቱ ደርሶ ስለነበር ሳልገልጠው በምክር ቤቱ ሹፌር አስይዤ ሄድኩ። እንዴት አንድ ጊዜ እንኳ ጨርቁን ገለጥ ሳላደርግ?

መድረክ ላይ ወጣሁ። የተከበራችሁ የአገር ሽማግሌዎች፣ የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ የተከበራችሁ የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ውድ መምህራንና ነዋሪዎች እያልኩ ሁሉንም በየወንበሩ ሰላም ብዬ ንግግሬን ጀመርኩ። ምንም ነገር የመጨረሻ ጥቅሙን ሳይሰጥ አይጣል እያልኩ ሳለ፣ ጠረጴዛውን የሚጠብቀው ብስክሌት ጠጋኝ ጨርቁን ገለጠው። የአባትሽ የመሣሪያ ሣጥን ነበር። ካቻቢቴዎቹ በየመጠናቸው፣ ፒንሳው፣ እጀታዋ በጨርቅ የተጠቀለለች ያቺ ትንሽ መዶሻ፣ ያንቺ ባትሪ ሳይቀር። የራሷ አርሮባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ ስለማይጣል ነገር ስሰብክ ባለቤቴ ራሱን ከዕቃው ጋር አብሮ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ነበር።

ንግግሬን እንዴት እንደጨረስኩ አላውቅም። ወርጄ ጠረጴዛው ጋ ቆምኩ። ሣጥኑን አንስቼ ወደ ቤቴ ብሮጥ ማን ይከለክለኛል? ማንም። ነገር ግን ሕጉን ያወጣሁት እኔ፣ ቀድሜ የምሽረውም እኔ ልሆን ነው። ሹፌሩን ጠርቼ «አንተ አንሳልኝ» ልለውም አሰብኩ፤ በራሴ አፈርኩ። አንድ ወጣት ፒንሳውን ብቻ መምዘዝ ሲጀምር ብስክሌት ጠጋኙ «ከነሣጥኑ ካልሆነ አይነካም፤ ቤተሰብ አይበተንም» ብሎ መለሰው። ለእኔም ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔም እፈልገው ነበር፣ እትዬ። ግን የማን እንደሆነ አውቃለሁና እጄ አልታዘዝ አለኝ» አለኝ።

ልብስ ሰፊዋ የመጣችው ይህን ጊዜ ነው። ከገበያው ጥግ ያለችውን፣ የሰርግ ልብስሽን ያጠበበችልሽን፣ ታስታውሻታለሽ። የማይሞቅ ካውያ በብብቷ ይዛ «ጠጋኝ የለም እንዴ እዚህ?» እያለች ስትዞር ሣጥኑን አየች። አየችኝም። ሣጥኑን አንስታ፣ ካውያዋን በላዩ አስቀምጣ፣ መንገዱን ተሻግራ ወደ ቤታችን ሄደች። ተከትያት የግቢው በር ጋ ስደርስ ከአባትሽ ፊት ቆማ ነበር።

«ጋሽ ያዝልኝ፣ ይህ ሣጥን ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ነው። ካውያውም የእኔ ነው። እርስዎ አፍዎን ብቻ ያውሱኝ» አለችው። እሱም «እጄን አታዪም፣ አንቺ ልጅ?» አላት። «በእርስዎ እጅ መቼ ተሠርቶልኝ ያውቃል? ሁልጊዜ ስይዝ የኖርኩት እኔ አይደለሁም?» ብላ መለሰችለት። አባትሽ ካውያውን አየው። ቀጥሎም፣ ለወራት ያልሰማሁትን ያንን የሥራ ድምፁን አውጥቶ «ገመዱ የሚታጠፈው የት ጋ ነው?» አላት። ከካውያው መውጫ ጋ እንደሆነ ስትነግረው «እንግዲያውስ ካውያው አልሞተም፤ ገመዱ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሶ ነው። እዚህ ጨለማ ነው፣ ብርሃን ወዳለበት እንውጣ» አለ። ብርሃን ያለው ሜዳው ላይ ነበር። እንዳያየኝ ከበሩ ጀርባ ተሸሸግሁ፤ የምክር ቤት ሰብሳቢ በገዛ ግቢዋ እንደ ሌባ።

ተከትያቸው ሜዳው ላይ ስደርስ ከብስክሌት ጠጋኙ አጠገብ ቦታ ተለቅቆለት ነበር። እሱ በግራ እጁ እያመለከተ፣ ልብስ ሰፊዋ ፈታች፣ ቆረጠች፣ የሽቦውን ልብስ ላጠች። አንድ ጊዜ ገመዱ ሊያመልጣት ሲል የአባትሽ ቀኝ እጅ ተነስቶ ገመዱን ጠረጴዛው ላይ ጫነው። አልጨበጠውም፤ ጫነው ብቻ። እሱ ልብ አላለውም። እኔ አይቻለሁ፤ ግን አንዳች ቃል ብናገር የሚበርር መስሎኝ አፌን ያዝኩ። ከትምህርት ቤቱ መስመር መብራት ተሳበና ካውያው ተሰካ። ልብስ ሰፊዋ ጣቷን ውኃ ነክራ ጠብ ስታደርግበት ጭሽ ብሎ ተነነ።

ከዚያ በኋላ ሰልፍ ሆነ። አባትሽ እስከ ማምሻው «ያዝልኝ»፣ «ያዢልኝ» ሲል ዋለ። የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊውን እንኳ ባትሪ አስይዞት «ብርሃኑን ወደ ሥራው፣ ወንድሜ፤ እኔ ታምሜ ድኛለሁ» ሲለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ኃላፊውም አብሮ ሳቀ። አንድ ሬዲዮ ግን አቃተው። «ይህ አብቅቶለታል፤ አካሉ ለሌሎች ይትረፍ» ብሎ በክብር ለየው።

ድንኳኖቹ መፍረስ ሲጀምሩ ልብስ ሰፊዋ ሣጥኑን ዘግታ ስጥና ውሰድ ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው። «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የማልጠቀምበት ዕቃ ነው» ብላ ካውያዋን ይዛ ዞር አለች። በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ በድንገት ወንበር የሚያጥፍ ሆነ፤ ማንም ወደ ጠረጴዛው አይመለከትም። አባትሽ ሣጥኑን አየው፣ አየውና ወደ እኔ ዞሮ «ሰብሳቢዋ፣ የሰጠ ሰው መልሶ አይወስድም ብለሻል፣ አይደል?» አለኝ። እንደ ሥርዓቱ መለስኩለት፤ «አሁን የሰጠችው እሷ ናት። አንተ እንደማንኛውም ነዋሪ የመውሰድ መብት አለህ» አልኩት።

በግራ እጁ እጀታውን ያዘና አነሳው። ከብዶት ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብልበት ቀና ብሎ አየኝ። «ያዢልኝ» አለኝ። ልጄ፣ ለአገሩ ሁሉ የሚላትን ያቺን ቃል በትዳር ዘመናችን ለእኔ ብሏት አያውቅም ነበር። ሌላውን ጫፍ ያዝኩለት። ሣጥኑን መሐል አድርገን መንገዱን ተሻገርን።

የጥገናዋ ክፍል አሁን ጠዋት ጠዋት ትከፈታለች። ኳሷም ከመሳቢያው ወጥታ ሣጥኑ ላይ ትውላለች። እጁ ድኗል አልልሽም፤ መግለጫ አትስጪኝ ብለሻላ። ሥራ አግኝቷል ግን እልሻለሁ። ትናንት «ያ አሮጌ ውኃ ማፍያ የት ደረሰ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከአልጋው ሥር ደብቄው ነበር። እኔ ያዝኩ፤ እሱ አዘዘኝ። ይህን የምጽፍልሽ በዚያው ማፍያ በፈላ ሻይ አጠገብ ነው።

ለአማትሽ ከአባትሽም ከእኔም ጭምር የአክብሮት ሰላምታ አድርሺልን። ባለቤትሽን እቀፊልኝ። መንታዎቹን አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ጉንጩ ሳሚልኝ፤ ቀጥሎ አቀያይሪያቸው፣ ቅሬታ እንዳይነሳ። ልብስ ሰፊዋና ብስክሌት ጠጋኙም ሰላም ብለውሻል። አባትሽ ደግሞ ይህን ጻፊልኝ ይላል፦ የተበላሸ ዕቃ ካለሽ እንዳትጥዪ፤ ስትመጪ ይዘሽው ነዪ። ባትሪዋን ፈትሿታል፣ ታበራለች። ማን እንደሚይዛት ታውቂያለሽ።

እውነቱን እንድነግርሽ ስላስገደድሽኝ ከልብ አመሰግንሻለሁ። ለመላው ቤተሰብሽ ጤናና ሰላም፣ ለሥራሽም የተሟላ መሳካት እመኛለሁ።

የምትወድሽ እናትሽ

ከቤታችን በረንዳ፣ ከጥገናዋ ክፍል ፊት ለፊት
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መጋቢት 14 ቀን