ቦራና ሳማው

ቦንጋ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1998 ዓ.ም.

«ላም በሳማ የሚቀልብ ጅል» አልሽኝ አይደል? ይሁን የሺዬ። ደህና ነሽ ወይ? እናትሽስ? እዛ ዋጫ ከተማ እናትሽ ቤት ቁጭ ብሎ መሳደብ ቀላል ነው። እዚህ መጥተሽ ማለቢያውን ብታዪው አፍሽን በያዝሽ።

እሺ፣ ያን ቀን አጥፍቻለሁ። የግብርና ሠራተኛዋ በዛወርቅ ስብሰባው ላይ ሳማ ለላም ወተት ይጨምራል ስትል ሰማሁ፣ ቀሪውን ማን ይጠብቃል፣ ብድግ ብዬ ወጣሁ። «አጠውልጋችሁ» ያለችው ለካ እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው። እርጥቡን ለላማችን ለቦራ ሰጠኋት፣ አፍንጫዋ አብጦ ድብልብል አለ፣ አንቺም እያለቀስሽ በሾፌሩ በኢሳያስ መኪና ሄድሽ።

አሁን ግን ስሚኝ። እጄን በፌስታል ጠቅልዬ አጭደዋለሁ፣ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፣ መለብለቡ ሲጠፋ ከትፌ ከፉርሽካና ከጨው ጋር እለውሰዋለሁ። ገንዳውን ሳይቀር ነው የምትልሰው። አንድ ጣሳ የነበረው ወተት ሁለት ተኩል ሆኗል። አራተኛ ክፍል ያልጨረሰ ሰው ነው እንግዲህ ይሄን የሠራው። ጓሮው ያለውን ሳማ ሲያቃጥል የኖረ ሁላ ዛሬ «ከፈለኝ፣ እስቲ አሳየን» እያለ ደጄን ይጠናል። በዛወርቅ ራሷ ገበሬዎች ይዛ መጥታ ነበር።

አንድ ነገር ከሌላ ከምትሰሚው ከኔ ስሚው። አንቺ ከሄድሽ ቦራ ሁለት ቀን አልታለብም አለች። ጎረቤታችን እትዬ ተሾመች «አንተን መች ፈለገችህ፣ የሷን ሻሽ አስረህ ቅረባት» አሉኝ። አሰርኩ። ያን በር ላይ ረስተሽው የሄድሽውን ቢጫውን። ሰፈሩ ሳቀ፣ ይሳቅ። ወተቷን ለቀቀችው።

አባትሽ ለሰርጋችን የሰጡንን ቦራን ቅዳሜ መጥቼ እወስዳለሁ ብለዋል አሉ። ይምጡ። ግን አንቺም አብረሽ ነይና መጀመሪያ በእጅሽ እለቢያት፣ ከዛ ትፈርጃለሽ። እሷ ከዚህ ግቢ ከወጣች አንቺም እንደማትመለሺ አላጣሁትም።

ሻሹ ደግሞ ጠረንሽ እየለቀቀው ነው፣ ሳማ ሳማ ይላል። ከትናንት ጀምሮ ቦራ ስትታለብ ዞር እያለች ፊቴን ታያለች።

ማርያም አንቺንም እናትሽንም ትጠብቅልኝ፣ መንገዱን ወደ ቤትሽ ታሳጥርልሽ።

ባልሽ ከፈለኝ

ሾፌሩ ኢሳያስ ዓርብ ወደዚህ ይመለሳል። ትመጪ እንደሆነ አንድ ቃል ጽፈሽ ስጪው። ዓርብ ነው ያልኩሽ፣ እንዳትቆዪ።