የጎበጠው ዘንግ

ለምወድሽ እትዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? የትንሿስ ሳል ተሻላት? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ልቤ ግን አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎኛል። ይህን ወረቀት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ልጆቹን ልይ ብዬ የመጣሁት ውሸቴን ነው። አንቺ ሥራ ላይ ሳለሽ የመሬት መፈተሻዬን ይዤ ከልጆቹ ክፍል ጀርባ ስቀጠቅጥ ዋልኩ። ትልቁማ ምን እንደምቀብር ጠየቀኝ።

መሣሪያዬን ታውቂዋለሽ፤ ጫፉ የሾለ የብረት ዘንግ በመዶሻ እየተመታ ይወርዳል፣ ምቱ ይቆጠራል። ብዙ ምት ከፈጀ መሬቱ ጠንካራ ነው። ዘንጉ ከጎበጠ ግን የጉድጓዱን ግድግዳ እየፋቀ ስለሚወርድ ጭቃውን አለት ያስመስለዋል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ አፈሩን ወልውዬ፣ የመገጣጠሚያውን ጥርስ ቅባት ቀብቼ፣ ሹሉን በጨርቅ ጠቅልዬ የማስቀምጠው። የሥራ ጓደኞቼ እንደ አራስ ልጅ ታቅፈዋለህ እያሉ ይስቁብኛል።

የእናንተን ቦታ ልፈትሽ ሳምንት ሲቀረኝ አንድ ዘመድ ዘንጉን ለድንጋይ መፈንቀያ ተዋሰኝ። ይሉኝታ ይዞኝ እምቢ ማለት አቃተኝ። ጠርጎና ቀብቶ ሲመልስልኝ ያብረቀርቅ ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ አንከባልዬ ቀጥ ማለቱን ሳላይ ሰቀልኩት። በዚያው ዘንግ አርባ ምት ቆጥሬ ቤቱን ሥሩ አልኳችሁ። ከዚያ ወዲህ በሌላ ስሠራ ቆይቼ፣ በቀደም ለጽዳት ሳወርደው ጠረጴዛው ላይ እያነከሰ ተንከባለለ። ሐሙስ ዕለት በደህናው ዘንግ እዚያው ስመታ ዐሥራ አንድ ብቻ ሆነ።

ለአለቃዬ ብነግረው፣ ቤቱ ቆሟል አይደል፣ አርፈህ ተቀመጥ አለኝ። ማረፉ ከየት ይምጣ! አንድ መሐንዲስ ወዳጄን አማከርኩት። ዝናቡ ሳይገባ የልጆቹ ክፍል ማዕዘን ከሥር በኮንክሪት ከተደገፈ ይድናል፣ እስከዚያ ግን እዚያ ክፍል ማንም አይተኛ አለ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ የቀለም ነው ብለሽኝ ነበር። አይደለም፣ እትዬ። ልጆቹን ዛሬውኑ ወደ ሳሎን አውጪያቸው። ቅዳሜ ሠራተኞች ይዤ እመጣለሁ።

ይህን ደብዳቤ ብቻሽን አንብበሽ ቅደጂው። ባለቤትሽ ጋሼ ከጠየቁሽ፣ ጥፋቱ የወንድሜ ነው በያቸው። ውሸትም አይደለም፤ ዕቃ ተቀብሎ ሳያይ የሰቀለው ባለሙያ እኔ ነኝ። እሳቸው ቦታው ገና ሳይፈተሽ ጀምረው፣ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ ነው ያን መሠረት ያወጡት። ዘንጉ በማን እጅ እንደጎበጠ ቢሰሙ እዚያ ቤት እህል አይወርድላቸውም።

ቤትሽን ያጽናልሽ፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።

ታናሽ ወንድምሽ